አልጋ ከመያዛችሁ በፊት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳማ ለሚወርድ መንገደኛ

በዱሮ ዘመን መንገደኛ የመሸበት እንደ ሆነ ከአንድ ደጃፍ ቆሞ፣ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ማለት ይበቃው ነበር። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያበላዋል፤ መደቡንም ይለቅለታል። እንግዳው በማለዳ ሲነሣ የሚጠበቅበት ምርቃት ብቻ ነበር። ይህ ልማድ በገጠሩ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በከተማ ግን እንግዳ የሚያድረው በገንዘቡ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፣ ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ስላልለመደ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየበሉና እየከፈሉ እንዳስለመዱት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። መክፈሉን ለምደነዋል። ለምን እንደምንከፍል መመርመሩን ግን ብዙዎቻችን ገና አልተማርነውም።

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በተለይ ለተማሪዎችና በቅርቡ ሥራ ለያዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነው። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከሻሸመኔ ወይም ከአሰላ ተነሥታችሁ ለፈተና፣ ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳማ ትወርዱ ይሆናል። በኪሳችሁ ያለው ገንዘብ የተቈጠረ ነው። በልባችሁ ያለው ጥያቄም «ርካሽ አልጋ የት አገኛለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለተኛ ሊሆን የሚገባው ነው። የመጀመሪያው «ጉዳዬ ያለው በየትኛው ሰፈር ነው?» የሚለው ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በብዙ ዋጋ ነው፤ እናንተ ያለ ዋጋ ትማሩት ዘንድ ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ።

አባቴ የጠየቀኝ ጥያቄ

ትምህርቴን በጨረስሁ በዓመቱ አዳማ ውስጥ ለአንድ የማስተማር ሥራ የጽሑፍ ፈተና ተጠራሁ። አባቴ የመንገዴን ገንዘብ ያገኘው ለክረምት ካስቀመጠው በቆሎ ሁለት ኩንታል ሸጦ ነው። ከአርሲ ነገሌ ተነሥቼ፣ ሞጆ ላይ መኪና ለውጬ አዳማ መናኸሪያ ስደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር። ገና ከመኪናው ሳልወርድ አንድ ልጅ ሻንጣዬን ይዞ፣ «አልጋ ፈልገህ ነው? ንጹሕ፣ ርካሽ፣ እዚሁ ቅርብ» አለኝ። ቅርብ ያለው ለመናኸሪያው ነው፤ የፈተናው ቦታ ግን በከተማው ሌላ ጫፍ ነበር። እኔ የጠየቅሁት ዋጋውን ብቻ ነው። በእርግጥም ርካሽ ነበር። ክፍሉን ሳላይ ከፈልሁ።

ክፍሉ ከመጠጥ ቤት በላይ ሆኖ መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ይመለከት ነበር። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አላቆመም፤ እርሱ ሲያቆም የከባድ መኪናው ጩኸት ተተካ። ሊነጋጋ ሲል ዐይኔ ተከደነ። ስነቃ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ፈተናው ደግሞ በ2 ሰዓት ተኩል ነው። ባጃጅ ለማግኘት ብዙ ቆምሁ። ባገኝም እኔም ሆንሁ ባለ ባጃጁ ቦታውን አናውቀውም ነበርና እየጠየቅን ስንደርስ ሃያ ደቂቃ አልፏል። ዘበኛው ፊቴን አይቶ አዘነልኝ፤ በሩ ግን አልተከፈተልኝም።

ቤት ስገባ አባቴ አልተቈጣኝም። ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «ለመሆኑ አልጋው ስንት ነበር?» አለኝ። ነገርሁት። «ርካሽ ነው» አለና ወደ በሬዎቹ ሄደ።

ከተማውን አስቀድሞ ማወቅ

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ያሳደጋት ቦታዋ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በእርሷ በኩል አልፎ ነበር። ዛሬም ወደ ሐረር፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ አሰላ የሚሄደው መንገደኛ ይሻገርባታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የተመረቀው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ ከዋናው ከተማ ጋር ይበልጥ አቀራርቧታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ በስም እንዳይደናገር ያስፈልጋል። ከተማዋን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «ናዝሬት» ብለዋት ነበር፤ አዳማ የሚለው የቀድሞ ስሟ በይፋ የተመለሰው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁን እንጂ የመኪና ረዳት ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት!» ብሎ ሲጣራ ብትሰሙ ሌላ አገር አይምሰላችሁ። ባቱን ዝዋይ፣ ቢሾፍቱንም ደብረ ዘይት የሚል ሰው እንደዚሁ ብዙ ነው።

ከመቂና ከባቱ ወገን የምትመጡ ደግሞ ሞጆን አትርሱ። ከሐዋሳ የሚመጣው መንገድ ከአዲስ አበባና ከአዳማ መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያ ስለ ሆነ፣ መኪናችሁ ወደ አዲስ አበባ የሚታጠፍ ከሆነ ሞጆ ላይ ወርዳችሁ ሌላ መያዝ ይኖርባችኋል። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ነው በእኔ ላይ ምሽት ያመጣብኝ። ስለዚህ በጥዋት ተነሡ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አዳማ ለመግባት አስቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የደረሰ ሰው ይመርጣል፤ ከመሸ የደረሰ ግን የተሰጠውን ይቀበላል።

በባቡር የምትመጡም ብትኖሩ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው እንደ ዱሮው በከተማው ውስጥ ሳይሆን ወጣ ብሎ ነው። አንድ ሰው «ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ አልጋ» ቢላችሁ «አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጉዳያችሁን መካከል አድርጉ

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከቤታችሁ ሳትነሡ ወረቀት አውጡና የሄዳችሁበትን ጉዳይ ቦታ ጻፉ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን፣ በአጠገቡም የሚታወቀውን ምልክት ጻፉ። በአዳማ ሰው መንገድ የሚያሳየው በመንገድ ቍጥር አይደለም፤ «ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ»፣ «ፍራንኮ ሳትደርስ» እያለ ነው። ስልካችሁ ካርታ የሚያሳይ እንደ ሆነ ቦታውን ፈልጉና በዙሪያው በእግር አሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ የሚያስኬደውን ክልል ተመልከቱ። አልጋችሁን የምትፈልጉት በዚያ ክልል ውስጥ ነው።

ጉዳያችሁ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ በመናኸሪያው ዙሪያ አልጋ መያዝ ለእግራችሁም ለኪሳችሁም አይበጅም። ጉዳያችሁ ሆስፒታል ውስጥ የተኛ ዘመድ መጠየቅ ከሆነ፣ ስንቅ ይዛችሁ በቀን ሦስት ጊዜ ትመላለሳላችሁና የሆስፒታሉ ሰፈር ይሻላችኋል። በአንጻሩ አዳማ አድራችሁ በማግሥቱ በጎሕ ወደ ሐረር የምትሳፈሩ ከሆነ፣ ጉዳያችሁ መናኸሪያው ራሱ ነውና እዚያው አጠገብ ማደር ትክክል ነው። ስለዚህ በጠቅላላው ጥሩ የሚባል ሰፈር የለም፤ ለጉዳያችሁ ጥሩ የሆነ ሰፈር ነው ያለው።

ማንን እንጠይቅ? «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ከሁሉ የሚሻለው የሰፈሩ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ፣ በበሩ አጠገብ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ፣ ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ እነዚህ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣው ባለጉዳይ የት እንደሚያድር በየቀኑ ያያሉ። በመናኸሪያ የሚቀበላችሁ ደላላ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስዳችሁ ኮሚሽን ወደሚከፍለው ቤት ነው። ደላላው እንጀራውን ነው የሚፈልገው፤ አልወቅሰውም። ይሁን እንጂ የእርሱ እንጀራ የእናንተን ሰፈር እንዲመርጥ አትፍቀዱለት። «አመሰግናለሁ፤ የያዝሁት አለ» ብላችሁ እለፉ።

ርካሹን በወረቀት ላይ ፈልጉት

ርካሽ ማለት ትንሽ የሚከፈልበት ማለት ብቻ አይደለም። እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቍጥሮቹን ለስሌቱ ብቻ ውሰዷቸው። ከጉዳያችሁ ሩቅ የሆነው አልጋ 350 ብር፣ በቅርብ ያለው 450 ብር ቢሆን፣ የሩቁ በ100 ብር የረከሰ ይመስላል። ከሩቁ አልጋ ለመሄድ በኮንትራት ባጃጅ 60 ብር፣ ለመመለስም 60 ብር ብትከፍሉ ግን ወጪው 470 ብር ይሆናል። ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ አርፋችሁ እንደ ገና ብትሄዱ ደግሞ 590 ብር ይደርሳል። የቅርቡ አሁንም 450 ብር ነው። «ሰው በሰው የሚጭነውን ባጃጅ እይዛለሁ» ትሉ ይሆናል። እርሱ በእርግጥ ይረክሳል፤ ነገር ግን እስኪሞላ መጠበቅ አለ። ፈተና ያለበት ሰው ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ዋጋ ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጨምሩ። መጀመሪያ፣ «ዋጋው ከነቫቱ ነው?» በሉ። በአንዳንድ ሆቴል የሚነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያው ያልተደመረበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሲነጋ ሒሳብ ላይ ያስደነግጣል። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ፣ «ሕጋዊ ደረሰኝ ትሰጣላችሁ?» በሉ። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ መሥሪያ ቤት ስትመለሱ ለማወራረድ ያስቸግራል። ሁለትና ሦስት ሌሊት የምታድሩ ከሆነ ዋጋ እንዲቀነስላችሁ ከመጠየቅ አትፈሩ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

ስለ ስሙም አንድ ቃል። በአገራችን «ሆቴል» የሚል ሰሌዳ ያለው ቤት ሁሉ አልጋ የለውም፤ ምግብና ሻይ ብቻ የሚሸጥ ብዙ ነው። ለማደሪያ የምትፈልጉት «አልጋ አለ» የሚለውን ነው። «ፔንሲዮን» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ብቻ የሚያከራይ፣ መጠጥና ሙዚቃ የሌለበት ቤት ስለ ሆነ፣ ጸጥታ ለሚፈልግ ተማሪ ከትልቁ ሆቴል ይልቅ ይስማማዋል። በሰዓት የሚያከራይ ቤት ግን ሌሊቱን ሙሉ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ያድራልና ለእንቅልፍ አይሆንም።

ሳታዩ አትክፈሉ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። «ክፍሉን ላየው እችላለሁ?» ማለት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ደኅና ባለቤት ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ስትገቡ እነዚህን ተመልከቱ።

በሩ ከውስጥ ይቈለፋልን? ቍልፉን ራሳችሁ ሞክሩት። ውሃ አለ? «አለ» ቢሏችሁም ቧንቧውን ከፍታችሁ እዩ፤ ውሃ የሚመጣው በተራ ከሆነ በጀሪካን የተቀመጠ መኖሩን ጠይቁ። ሻወሩና ሽንት ቤቱ በክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ መሆኑ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ንጹሕ ከሆነ ክፋት የለውም። አንሶላው የተለወጠ ነው? መስኮቱ ወዴት ያያል? አዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች ከባድ መኪና ሌሊትም ያልፋል። ስለዚህ ከመንገዱ በስተጀርባ፣ ወደ ግቢው የሚመለከተውን ክፍል ምረጡ።

የአዳማ ሙቀት ከደጋ ለሚመጣ ሰው ይከብዳል። ማራገቢያ ያለው ክፍል ጥቂት ቢጨምር አይከፋም። ከዚህ ይልቅ የማትዘነጉት አጎበሩን ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ይልቁንም ዝናብ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ የወባ ትንኝ ትበዛለች። አልጋው አጎበር ከሌለው ጠይቁ፤ ከሌላቸው ሌላ ቤት እዩ። በርካሽ አልጋ ላይ ወባ ጨምሮ ወደ ቤት መመለስ ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው።

ብቻችሁን የምትጓዙ እኅቶቻችን ደግሞ ሁለት ነገር ጨምሩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሰው መኖሩን፣ ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስም መብራት መኖሩን አረጋግጡ። የምታድሩበትን ቤት ስምና የክፍሉን ቍጥር ለቤተሰብ በስልክ ንገሩ። የክፍላችሁን ቍጥር ግን መናኸሪያ ለተዋወቃችሁት ሰው አትንገሩ።

ለሁላችሁም፣ መታወቂያችሁን አትርሱ፤ ያለ እርሱ አልጋ የሚሰጥ ደኅና ቤት የለም። መጀመሪያ የአንድ ሌሊት ብቻ ክፈሉ፤ ከተስማማችሁ ሲነጋ ትጨምራላችሁ። ክፍሉ የሚለቀቅበትን ሰዓትም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቤት በ4 ሰዓት፣ አንዳንዱ በ6 ሰዓት ያስለቅቃል። ለቅቃችሁ ጉዳያችሁን እስክትጨርሱ ሻንጣችሁን ያስቀምጡላችሁ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ከተማዋ የምትሞላበት ጊዜ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ብዙ ስለማትርቅ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሥልጠናና ጉባኤ ያደርጉባታል። በእነዚህ ቀናት ትልልቁ ሆቴል ይሞላል፤ ከዚያ የተረፈው ሰው ወደ መካከለኛው፣ የመካከለኛውም ወደ ትንሹ ይወርዳል፤ ዋጋውም ይወጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ለመዝናናት ወደ አዳማና ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚወርደው ሰው ይበዛል። የዩኒቨርሲቲው የምረቃ ሰሞን ወላጆች ይመጣሉ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ደግሞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ምእመን በዚሁ መንገድ ያልፋል። ጉዳያችሁ በእነዚህ ቀናት አካባቢ ከዋለ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ አልጋ አስይዙ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስምና የተስማማችሁበትን ዋጋ ጻፉ፤ በምትነሡበት ጥዋትም ደግማችሁ ደውሉ።

በትንንሾቹ ከተሞችስ?

ይህ ምክር ለአዳማ ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የተዘረጉት ከተሞች አብዛኞቹ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሰሌዳው የሚታየው አልጋ ሁሉ ጫጫታው ላይ ነው። በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ስታድሩ ከአስፋልቱ አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ቀንሶ፣ እንቅልፉ ጨምሮ ታገኙታላችሁ።

በዚህ መንገድ ላይ የሆቴል ሥራን ካስፋፉት ሰዎች አንዱ አቶ በቀለ ሞላ ነበሩ። ሆቴሎቻቸውን ያቆሙት በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭ፣ መንገደኛ ደክሞት ዕረፍት በሚሻበትና ሐይቅ ወይም መስቀለኛ መንገድ ባለበት ቦታ ነው። ሆቴል የሚሠራ ሰው ግድግዳውን ከማቆሙ በፊት ቦታውን ይመርጣል። የሚያድረውስ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ቦታውን ቢመርጥ ምን ይጐዳል?

ሁለተኛው ጉዞ

የእኔ ታሪክ በዚያ በተዘጋው በር አላበቃም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ፈተና እንደ ገና ወደ አዳማ ተጠራሁ። አባቴ አሁንም ገንዘብ ሰጠኝ፤ ከየት እንዳመጣው ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በዋዜማው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረስሁና ሻንጣዬን እንደ ያዝሁ ወደ ፈተናው ቦታ ሄድሁ። ዘበኛውን አልጋ የት እንደሚገኝ ጠየቅሁት፤ ከጀርባ ያለ አንድ ትንሽ ፔንሲዮን አሳየኝ። ዋጋው ከመጀመሪያው አልጋ አንድ ጊዜ ተኩል ይሆን ነበር። ክፍሉን አየሁ፤ ቧንቧውን ከፈትሁ፤ ቍልፉን ሞከርሁ። ከዚያ ከፍዬ እስከ ፈተናው በር በእግሬ ደርሼ ተመለስሁ፤ ስምንት ደቂቃ ሆነ። በ3 ሰዓት ተኛሁ። ጥዋት በሩ ላይ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ዛሬ የማስተምረው በዚያ ፈተና አልፌ ነው።

ቤት ስገባ አባቴ ያንኑ ጥያቄ ደገመልኝ፤ «አልጋውስ ስንት ነበር?» ነገርሁት። «ውድ ነው» አለና ሳቀ።

አሁን ተማሪዎቼ ለፈተና ወደ ከተማ ሲነሡ፣ እርሳስና መታወቂያ መያዛቸውን ከጠየቅሁ በኋላ «ከምታድሩበት እስከ ፈተናው በር በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» እላቸዋለሁ። መልሱን የማያውቅ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ እዚያው በፊቴ እንዲደውል አደርገዋለሁ። እናንተም ከመነሣታችሁ በፊት ይህንኑ ራሳችሁን ጠይቁ። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።